«ፍሮዝን አንበላም» ለምትሉ ወገኖቼ

ባለፈው ሐሙስ ማታ አምስት ሰዓት ላይ የዘንድሮው ተርኪ ገባ። ሦስት ፓሌት ሙሉ፣ በወፍራም ፕላስቲክ የተጠቀለለ፣ ካርቶኑ በውርጭ የነጣ። በረዶ ዕቃ ከመኪና ከወረደ በኋላ ውጭ መቆየት የለበትም። ጓንቴን አጥልቄ፣ ኮፍያዬን እስከ ጆሮዬ ስቤ፣ ከማራገፊያው በር ወደ ማቀዝቀዣ ክፍል፣ ከማቀዝቀዣ ክፍል ወደ መደርደሪያ ስመላለስ አመሸሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በአንድ ሱፐርማርኬት በሌሊት ፈረቃ የፍሮዝን መደርደሪያ መሙላት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል። ቢጫዋን የቅናሽ ወረቀት የምለጥፈውም የምነቅለውም እኔ ነኝ።

ሥራ ላይ እንዳለሁ አንዲት የሀገሬ ልጅ ጋሪ እየገፋች መጣች። የሥራ ልብሷን አልቀየረችም፤ ከሆስፒታል በቀጥታ እንደመጣች ያስታውቃል። ጋሪዋ ውስጥ ሦስት ፓኬት ፍሬሽ እስፒናች አለ። ሰላምታ ተለዋወጥን። ለነገ ለዓርብ ጾም ልትሠራው ነው። «እህቴ፣ ፍሮዝኑ እኮ ዛሬ ቅናሽ ነው፤ ነገ ጠዋት ወረቀቱ ይነሳል» አልኳት። «አይ ወንድሜ፣ እኛ ቤት ፍሮዝን አይበላም። ልጆቼን በረዶ አላበላም» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ድካሟ በሚሰማበት ድምፅ፣ «የባለፈው ሳምንቱንማ ሳልደርስበት ፍሪጅ ውስጥ ላሽቆ ጣልኩት» ብላ ጨመረች።

ሁለቱን ነገር አከታትላ ነው የተናገረችው። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም እሱ ነው። ፍሮዝን አንበላም እያልን የምንጥለው ፍሬሽ ስንት ነው? የኔ እምነት፣ አሜሪካ ውስጥ ከፍሮዝን ቅናሽ እንደ ሐበሻ ሊጠቀም የሚችል ሰው የለም የሚል ነው። ምክንያቱም እኛ የምንበላው በቀን መቁጠሪያ ነው። ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚፈታ ከዓመት በፊት እናውቃለን። ይህን የመሰለ ዕውቀት በእጃችን ይዘን በየሳምንቱ ሙሉ ዋጋ መክፈላችን ያሳዝነኛል።

ንቀቱ ከየት እንደመጣ አልጠፋኝም። እኔም ያደግሁት ዶሮ በእግሩ ተንጠልጥሎ፣ ደረቱ ተዳብሶ፣ ክብደቱ በእጅ ተመዝኖ ሲገዛ እያየሁ ነው። አማቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡ ጊዜ ከፍሪዘር ያወጣሁትን ዶሮ ገልበጥ አድርገው አዩና «ልጄ፣ ይሄ መቼ የታረደ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዝም አልኩ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። ሀገር ቤት የሚገዛ ሰው የሚበላውን ነገር ዕድሜ ያውቃል።

ግን እዚህ «ፍሬሽ» የሚለው ቃል ራሱ መልስ አይሰጥም። በረዶ ላይ ተዘርግቶ፣ በፓርስሊ ተከብቦ የምታዩት ዓሣ አብዛኛው በበረዶ መጥቶ እኛው ያቀለጥነው ነው። ከዋጋው ሥር በትናንሽ ፊደል «ቀደም ሲል በረዶ የነበረ» ተብሎ ተጽፏል፤ ተጠግቶ የሚያነብ ግን የለም። ፓኬት ውስጥ ያለው እስፒናችም ከካሊፎርኒያ ወይም ከአሪዞና አህጉር አቋርጦ፣ መጋዘን አድሮ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው። ፍሮዝኑ በተለቀመ በሰዓታት ውስጥ በፈላ ውሃ ለአፍታ ተነክሮ በረዶ ይሆናል። ከቫይታሚኑ ጥቂቱ በፈላው ውሃ ይሄዳል፤ የተረፈው ግን እዚያው ይቆያል። የፍሬሹ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ በዋለ ባደረ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። አምስት ቀን የቆየ ፍሬሽና ከረጢቱ ዛሬ የተከፈተ ፍሮዝን ቢወዳደሩ ፍሬሹ የሚያፍርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ይህን ዘዴ ለገበያ ያበቃው ክላረንስ በርድስአይ የሚባል አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ወደ ላብራዶር ሄዶ ነበር። እዚያ የኢኑይት ዓሣ አጥማጆች ያወጡት ዓሣ በነፋሱና በውርጩ ወዲያው ድርቅ ብሎ በረዶ ሲሆን፣ ከወራት በኋላም ቀልጦ ሲበስል ጣዕሙ እንዳለ ሆኖ አገኘው። ምስጢሩ ፍጥነቱ ነበር። ቶሎ የቀዘቀዘ ነገር ውስጥ ያለው ውሃ ደቃቅ በረዶ ይሆናል። ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ከሆነ ግን በረዶው ትልልቅና ሹል ሆኖ ሥጋውንም ቅጠሉንም ከውስጥ ይበሳሳዋል፤ ሲቀልጥ ውሃው ሁሉ ይፈስሳል። በርድስአይ ያንን ፍጥነት በማሽን ሠራውና ማርች 6 ቀን 1930 ስፕሪንግፊልድ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ምርቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሱቆች ተሸጠ።

ይህ ታሪክ መደርደሪያው ፊት ስትቆሙ ይጠቅማችኋል። የአተር ከረጢት አንሡና ወዝውዙት። እንደ ጠጠር ከተንኳኳ ከፋብሪካው እንደወጣ ነው። አንድ ድንጋይ ሆኖ ከተያያዘ፣ ውስጡም ጥርስ የመሰለ በረዶ ከያዘ፣ መንገድ ላይ ወይም ማራገፊያው በር ላይ ቀልጦ እንደገና የቀዘቀዘ ነው፤ በነፃ ቢሰጧችሁም ተዉት። እኔ ስደረድር የማገኘውን እንዲህ ያለ ከረጢት ለይቼ አወጣለሁ፤ ሁልጊዜ ግን ሁሉንም አላገኝም። በመደርደሪያው በር አጠገብ ያለውን ትታችሁ ከኋላ ያለውን ብትስቡም ትጠቀማላችሁ። አሮጌውን ወደ ፊት፣ አዲሱን ወደ ኋላ አድርጉ ተብለን ነው የምንሠራው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር የሞቀ አየር የሚያገኘውም የፊተኛው ነው።

አማቴን ያሸነፋቸው ይኸው አተር ነው። የካቲት ነበር፤ ደጁ በበረዶ ተሸፍኖ መኪናችንን መለየት አልቻልንም። ባለቤቴ አንድ ከረጢት ፍሮዝን አተር በቀይ ሽንኩርት፣ በቃሪያና በትንሽ ዝንጅብል ጠብሳ አቀረበች። አማቴ አንድ ጉርሻ ጎርሰው አቆሙ። «እሸት ነው እንዴ?» አሉ። አተሩ አረንጓዴ ነው፣ ጥርስ ላይ ፍርክስ ይላል፣ ጣፋጭ ነው። «በየካቲት የአተር እሸት!» እያሉ ሳህኑን ጨረሱት። የመስከረምንና የጥቅምትን ጣዕም በውርጭ መካከል ሲያገኙት ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። እሳቸው እኮ ቋንጣ ዘልዝለው የሚሰቅሉ፣ ድርቆሽ የሚያደርቁ፣ ቅቤ አንጥረው ዓመት የሚያቆዩ ሴት ናቸው። ምግብ በጊዜው ገዝቶ ላልተመቸ ጊዜ ማቆየት ለእኛ ምን አዲስ ነገር ነው? ድሮ በፀሐይና በጭስ ያደረግነውን አሁን በበረዶ ነው የምናደርገው።

ወደ ቀን መቁጠሪያው ልመለስ። ዋናው ገንዘብ ያለው እዚያ ነው።

የአሜሪካ ሱፐርማርኬት ቅናሽ የሚያወጣው በራሱ በዓላት ነው። ታንክስጊቪንግ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው፤ በእኛ ኅዳር አጋማሽ ላይ ይውላል። በዚያ ሰሞን መደብሮች ፍሮዝን ተርኪን ከገዙበት ዋጋ በታች ይሸጣሉ። ሰው ለተርኪው ብሎ ሲመጣ ቅቤውንም፣ ድንቹንም፣ ኬኩንም እዚያው ይገዛል፤ ትርፉ ከዚያ ነው የሚመጣው። ነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። ጎረቤቶቻችን ሥጋ በሚያበዙበት ሳምንት እኛ ሥጋ እናቆማለን። ብዙ ሐበሻ ይህን አይቶ «ለእኛ አይሆንም» ብሎ ያልፋል። እኔ ግን በዚያ ሳምንት አንድ ተርኪ እገዛለሁ፤ አንዳንድ ዓመት ከበዓሉ ማግስት የተረፈው ሌላ ቅናሽ ስለሚጨመርበት እስከዚያ እጠብቃለሁ። ጾሙን ሙሉ ፍሪዘር ውስጥ ይቆያል፤ ለገና ይወጣል። ሙሉ ጾሙን ሥጋ ስለማንነካ ማንም አውጥቶ አይጨርሰውም። ተርኪ በዶሮ ወጥ አሠራር ይሠራ ይሆን ወይ የሚል ካለ፣ ጭኑና እግሩ በደንብ በበሰለ ቁሌት ውስጥ ቀስ ብሎ ሲበስል እንግዳ የሚጋበዝበት ወጥ ይወጣዋል። ደረቱ ይደርቃል፤ እሱን ለጥብስ አስቀሩት።

ማርችን እዩ። ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በ1984 ማርች 6ን የፍሮዝን ምግብ ቀን ብለው አውጀው ነበር፤ ነጋዴዎቹ ግን ወሩን በሙሉ የፍሮዝን ወር አድርገው ይጠቀሙበታል። በዓመት ውስጥ ብዙ ቢጫ ወረቀት የምለጥፍበት ወር እሱ ነው። አትክልቱ ይረክሳል፦ ፎሶሊያ፣ ካሮት፣ ጎመን፣ እስፒናች፣ ባሚያ፣ አተር። እኛ በማርች ምን ላይ ነን? ሁዳዴ ላይ! 55 ቀን አትክልትና ጥራጥሬ በምንበላበት ሰሞን አትክልቱን ያረክሱልናል፤ እኛ ደግሞ ጀርባችንን ሰጥተን ፍሬሽ ጎመን በእጥፍ ዋጋ ተሸክመን እንሄዳለን። እኔና ባለቤቴ በማርች የምንገዛው ፎሶሊያና ጎመን እስከ ሰኔ፣ የሐዋርያት ጾም እስኪገባ ድረስ ያቆየናል።

የበጉም ነገር እንዲሁ ነው። የምዕራባውያኑ ፋሲካ ሲደርስ የበግ እግር በብዛት ይመጣል፤ በዓላቸው ባለፈ ሳምንት የተረፈው ይወርዳል። በ2024 የእነሱ ፋሲካ ማርች 31 ዋለ፣ የእኛ ሜይ 5፣ ማለትም ሚያዝያ 27። መካከሉ አምስት ሳምንት ነው። ያን ዓመት በግ የገዛነው እኛ ሰሙነ ሕማማት ሳንደርስ በግማሽ ዋጋ ነው። በ2025 ግን ሁለቱም ኤፕሪል 20 ላይ ዋሉ፤ የሚጠበቅ ማግሥት አልነበረም፣ ሙሉ ዋጋ ከፈልን። ስለዚህ የዓመቱን ቀን መቁጠሪያ ከቤተ ክርስቲያን ስታመጡ የእነሱንም በዓል እላዩ ላይ ምልክት አድርጉበት።

አሁን ስለ ቢጫዋ ወረቀት ልናገር፤ ከእሷ ጋር ብዙ ዘመን ስለኖርን ጠባይዋን አውቃለሁ። በወረቀቷ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ተዉት። ጥግ ላይ በትንሹ የአንድ ፓውንድ ወይም የአንድ አውንስ ዋጋ አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ትልልቅ መደብሮች እሱን እንዲጽፉ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ዋሽንግተን ዲሲም እንዲሁ ነው። እውነተኛው ዋጋ እሱ ብቻ ነው። የዚያችን እህት ጋሪ እናስላ። አንዱ የእስፒናች ፓኬት 10 አውንስ ነው፣ 3 ዶላር ከ99። ሦስቱ 11 ዶላር ከ97 ይሆናል። ፓውንዱ ሲሰላ 6 ዶላር ከ38 ሳንቲም ገደማ ነው። ፍሮዝኑ ባለ 16 አውንስ ከረጢት የዚያን ዕለት ሁለቱ በ4 ዶላር ነበር፤ ፓውንዱ 2 ዶላር። በዚያ ላይ ፍሮዝኑ በፈላው ውሃ አልፎ የተኮማተረ ስለሆነ ድስት ውስጥ ገብቶ እንደ ፍሬሹ አይሟሽሽም። ቀልጦ ውሃው በእጅ ተጨምቆ ሲገባ ሁለቱ ከረጢት ከሦስቱ ፓኬት የበለጠ ወጥ ይወጣዋል። በአንድ ዓርብ 8 ዶላር ገደማ ማለት ነው።

ቅናሽ ሁሉ ግን ቅናሽ አይደለም። «10 በ10 ዶላር» ሲባል ብዙ ሰው አሥሩንም ይጭናል። አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ብቻ ብትገዙም በ1 ዶላር ይሰጣችኋል፤ ግዴታ ካለበት «5 ሲገዙ» ብሎ ለይቶ ይጽፋል። ድሮ 16 አውንስ የነበረ ከረጢት በዚያው ዋጋ 12 አውንስ ሆኖ ሲመጣ በእጄ ደርድሬአለሁ፤ ከረጢቱ ቁመቱ ያው ነው፣ ውስጡ ግን አየር ነው። ዶሮ ላይ ደግሞ «እስከ 15 በመቶ የጨው ውሃ የተጨመረበት» የሚል ካያችሁ ለውሃው በዶሮ ዋጋ እየከፈላችሁ ነው። ወጡን የሚያቀጥነው፣ «ፍሮዝን ዶሮ ወጥ አይሆንም» ያሰኘንም አንዱ እሱ ነው። ያልተጨመረበትን ፈልጉ፤ ፍሪጅ ውስጥ በወንፊት ላይ ሆኖ ይቅለጥ፣ ውሃው ይንጠፍ፤ ከዚያ በሎሚና በጨው እጠቡት። ቁሌቱ ደግሞ ዶሮው ከመግባቱ በፊት በደንብ ይብሰል።

ከሁሉም የምቃወመው ተዘጋጅቶ ማይክሮዌቭ ብቻ የሚጠብቀውን ሳጥን ነው። 9 አውንስ፣ በቅናሽ 3 ዶላር። ፓውንዱ 5 ዶላር ከ33። ውስጡ አብዛኛው ፓስታና ጨው ነው። ቅናሹ በብዛት የሚለጠፈውም እሱ ላይ ነው፤ ልጆቻችንም ከትምህርት ቤት ሲመጡ መጀመሪያ የሚያነሡት እሱን ነው። አንድ ነገር ብቻ የያዘ ከረጢት፣ አተር ከሆነ አተር፣ ዶሮ ከሆነ ዶሮ፣ እሱን ግዙ። ፍሮዝንን የምንጠላ ከሆነ መጥላት ያለብን ሳጥኑን ነበር፤ እኛ ግን አተሩን ንቀን ሳጥኑን ለልጆቻችን እንገዛለን።

አንድ ነገር ደግሞ እንደ ሠራተኛም እንደ ሰውም ያንገበግበኛል። ዛሬ ዛሬ ትልቁ ቅናሽ በስልክ ብቻ ሆኗል። ወረቀቱ ላይ በትልቁ 1 ዶላር ከ49 ይላል፤ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል በአፕ ኩፖኑን ለያዘ ብቻ መሆኑ ተጽፏል። ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤታችን፣ እናት ናቸው፣ ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ፣ በምግብ ድጎማ ካርድ የሚገዙ፣ ስድስት ከረጢት አትክልት አንሥተው ካሸሩ ፊት ቆሙ። ዋጋው በእጥፍ መጣ። ቋንቋው አይመቻቸውም፤ ከኋላቸው ሰልፍ አለ። አራቱን መልሰው ሁለቱን ይዘው ወጡ። መደርደሪያው ላይ ያንን ወረቀት የለጠፍኩት እኔ ነበርኩ። ቅናሹ ይበልጥ የሚያስፈልገው ስማርት ስልክ ለሌለው ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ቅናሽ ግን እሱን ከደጅ ይመልሰዋል። በስልክ የሚሰጥ ማንኛውም ቅናሽ መደብሩ ውስጥ በወረቀትም ሊሰጥ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ለአለቆቼም ነግሬአለሁ። እስከዚያው ልጆቻችን ይህን ሥራቸው ያድርጉት። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሩብ ሰዓት ከእናቶች ጋር ቁጭ ብለው የሳምንቱን ኩፖን ይያዙላቸው፤ ኩፖኑ ከተያዘ በብዙ መደብር ካሸሩ ጋ የስልክ ቁጥር ማስገባት ብቻ ይበቃል።

ቅርጫችንን ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለምወደው ነው። አራት ቤተሰብ ነን፤ ሁላችንም በአንድ ሕንፃ ውስጥ እንኖራለን። በየሁለት ወሩ ከጅምላ መደብር አንድ ካርቶን የዶሮ ጭንና እግር እናመጣለን። ካርቶኑ 40 ፓውንድ ነው፤ ውስጡ ባለ 10 ፓውንድ አራት ከረጢት አለ። መጨረሻ የገዛነው 27 ዶላር ከ60 ነበር፤ ፓውንዱ 69 ሳንቲም። እኔ የምሠራበት መደብር ያንኑ በቅናሽ 89 ይሸጠዋል። ዓርብ ማታ ከረጢቶቹን ፍሪጅ ውስጥ እናስገባቸዋለን፤ ቅዳሜ ጠዋት ቁርጥራጩ ሊላቀቅ ሲጀምር፣ ውስጡ ገና በረዶ ሳለ፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ፕላስቲክ ተነጥፎ ክፍፍሉ ይጀመራል። ፍሪጅ ውስጥ የቀለጠ ሥጋን ሳያበስሉ መልሶ ማቀዝቀዝ አይጎዳም፤ ጠረጴዛ ላይ ውሎ የቀለጠውን ነው የማይቻለው። ለአንድ ወጥ የሚበቃውን በአንድ ከረጢት፣ አየሩን በእጅ ጫን ብለን አውጥተን፣ ቀኑን ጽፈን እናሽገዋለን። አየር ያገኘው ሥጋ ጠርዙ ይነጣና ይደርቃል፤ አይጎዳም፣ ግን ጣዕም የለውም። አንደኛዋ የወሎ ልጅ ሙስሊም ናት፤ ዶሮዋን ለብቻዋ ከሐላል ሱቅ ትገዛለች፣ የእሷን መደብ እኔና ባለቤቴ እንወስደዋለን። የአትክልቱ ካርቶን ሲሆን ግን እኩል ትካፈላለች፤ በረመዳን ለሳምቡሳ የምትጠቀምበት አተርና ካሮት ከዚያ ነው። ለበዓል አሥራ ሁለቱን ብልት የሚፈልግ ቤት ሙሉ ዶሮ ለብቻው ይገዛል። ጭንና እግር ብቻውን ለዘወትር ነው።

ቡናው የሚፈላው ክፍፍሉ ሲያልቅ ነው። ያን ቀን ባለቤቴ ትልቁን ድስት ትጥድና 10 ፓውንድ ሽንኩርት ታቁላላለች። ቁሌቱ በዘይት ነው የሚሠራው፤ ለጾምም ለፍስክም እንዲሆን። ሲቀዘቅዝ በከረጢት ጠፍጥፎ ማስተኛት ነው፤ እንደ መጽሐፍ ጎን ለጎን ይቆማል። ማታ ከሥራ ስትመጣ አንዱን አውጥታ ምስር ታስገባበታለች፤ በፍስክ ቀን ደግሞ ዶሮና ቅቤ። ያቺ የሆስፒታል እህት «ሳልደርስበት» ስትል የሚያስፈልጋት ፍሬሽ ቅጠል ሳይሆን ይህ ከረጢት ይመስለኛል።

ዲፕ ፍሪዘሩን ያገለገለ ነው የገዛነው፣ 80 ዶላር። መብራቱ በወር 3 ወይም 4 ዶላር ይሆናል። ውስጡ ሁልጊዜ ዜሮ ፋራናይት፣ በሀገራችን መለኪያ 18 ሴልሺየስ ከዜሮ በታች ሊሆን ይገባል፤ የ6 ዶላር ቴርሞሜትር አስገብቼበታለሁ። በዚያ ቅዝቃዜ ምግብ አይበላሽም፤ ጣዕሙ ብቻ እየቀነሰ ይሄዳል። ጁን 29 ቀን 2012 ማታ ዴሬቾ የሚሉት ማዕበል ይህን አካባቢ መትቶ መብራት ለቀናት ሲጠፋ፣ የፍሪጃችን ፍሪዘር ባዶነት ያጠቃው ስለነበር በማግሥቱ ሁሉም ቀለጠ። ሙሉ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ 48 ሰዓት፣ በግማሹ የተሞላ 24 ሰዓት እንደሚቆይ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ቦታ ሲተርፍ በውሃ ጠርሙስ እሞላዋለሁ።

ባለቤቴ የዓመቱን ደረሰኝ አስልታዋለች፤ በወር 70 ዶላር ገደማ ተርፎናል። ለሴት ልጃችን የሒሳብ አስጠኚ የምንከፍለው ከእሱ ነው።

ትናንት የቅርጫው ሰዎች ተነጋግረን አምስተኛ መደብ ለመጨመር ተስማምተናል፤ ያቺን እህት ሐሙስ ማታ ሳገኛት እነግራታለሁ። ለቤታችን የለየሁት ተርኪ 14 ፓውንድ ነው፤ ፍሪዘሩ ሥር ከፎሶሊያው በታች አስቀምጬዋለሁ። አራት ወይም አምስት ፓውንድ ለመቅለጥ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ቀን ይፈልጋል። ታኅሣሥ 25 ማታ አወርደዋለሁ።